ሞገዱ ቀድሞ፣ ሬዲዮው ዘግይቶ



እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1995 ቢቢሲ በለንደንና በአካባቢዋ ባሉ አምስት ማሠራጫዎች የዲጂታል ሬዲዮ ስርጭት ጀመረ። በዚያች ቀን አንድ የለንደን ሰው ገንዘቡን ይዞ ሱቅ ለሱቅ ቢዞር ግን ያንን ስርጭት የሚያሰማ ሬዲዮ ገዝቶ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም ነበር። ለቤት አድማጭ የተሠራ መቀበያ ገና ገበያ ላይ አልዋለም። ስርጭቱ አየሩን ሞላው፤ የሚሰሙት የሙከራ መሣሪያ የያዙ ጥቂት ባለሙያዎች ነበሩ። ተራው ሠራተኛ ሊደፍረው በሚችል ዋጋ የሚሸጥ ሬዲዮ እስኪመጣ ሰባት ዓመት ገደማ አለፈ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ሰባት ዓመትና ከዚያም በኋላ ስለቀጠለው መጓተት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ስለ ሬዲዮ ስንወያይ ዐይናችን ወደ ማማው ማንጋጠጥ ይወዳል፤ የማሠራጫው ኪሎዋት፣ የስቱዲዮው ዕቃ፣ የምረቃው ሥነ ሥርዓት። እኔ ይህን ታሪክ በመረመርሁ ቁጥር የሬዲዮ ዕጣ የሚቆረጠው አድማጩ ቤት ውስጥ፣ በዕቃው ዋጋና በሚያሰማው ነገር እንደሆነ ይበልጥ አምኛለሁ። ማሠራጫን መንግሥት ወይም ኩባንያ ይገዛዋል፤ አንድ ውሳኔና አንድ በጀት ይበቃዋል። መቀበያውን ግን የቤት እመቤቷ፣ ሹፌሩ፣ ጡረተኛውና ተማሪው እያንዳንዳቸው ከየኪሳቸው አውጥተው መግዛት አለባቸው። ያ ሚሊዮን ጊዜ የሚደጋገም ውሳኔ ነው፤ በአዋጅም አይገኝም።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ኤፍ ኤም ድምፅን በሞገድ ላይ የሚጭንበት መንገድ ቀጥተኛ ነው፤ የድምፁ መውጣትና መውረድ የሞገዱን ድግግሞሽ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ይህን መልሶ ድምፅ ለማድረግ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ለዚህም ነው የኤፍ ኤም መቀበያ በርካሽ ሞባይል ስልክ ውስጥ እንኳ ቦታ ያገኘው። ችግሩ የሚመጣው ሞገዱ ከሕንፃና ከተራራ ሲላተም ነው። ቀጥታ የመጣውና ነጥሮ የመጣው እኩል ስለማይደርሱ ድምፁ ይሻክራል፤ መኪና ውስጥ ደግሞ በየመታጠፊያው ይቆራረጣል። በዚያ ላይ ጎረቤታም ማሠራጫዎች አንድ ድግግሞሽ ቢጋሩ ስለሚጋጩ፣ አንድን ጣቢያ በአገር ሙሉ ለማዳረስ ብዙ ድግግሞሽ ይጠፋል።

በ1987 የተጀመረው ዩሬካ 147 የተባለው የአውሮፓ የምርምር ፕሮጀክት ለዚህ መላ ፈለገ። የጀርመን፣ የፈረንሳይ፣ የኔዘርላንድስና የእንግሊዝ ተቋማት ተባብረው የሠሩት ሥርዓት ዳብ ይባላል። ዳብ ድምፁን አስቀድሞ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ጆሮ የማይለየውን ክፍል ጥሎ ያሳንሰዋል፤ ከዚያ ቁጥሮቹን በ1,536 ቀጫጭን ተሸካሚ ሞገዶች ላይ ይበትናቸዋል። ሁሉም ተደምረው የሚይዙት ስፋት 1.5 ሜጋኸርዝ ያህል ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ተሸካሚ ላይ ያለው መልእክት ቀስ ብሎ ስለሚቀያየር፣ ከተራራ ነጥሮ በጥቂቱ ዘግይቶ የሚደርሰው ቅጂ ዋናውን አያበላሸውም፤ እንዲያውም ያጠናክረዋል። በዚህ የተነሣ የአንድ አገር ማሠራጫዎች በሙሉ በአንድ ድግግሞሽ መሥራት ይችላሉ፤ በዚያው ላይ አሥር ያህል ጣቢያዎች አብረው ይጫናሉ። ይህን የመሰለ የምህንድስና ሥራ ሳላደንቅ ማለፍ አልፈልግም። ኤፍ ኤምን ያስቸገረውን ነገር ለራሱ ጉልበት አድርጎታልና።

ሸክሙ የወደቀው ግን መቀበያው ላይ ነው። በሴኮንድ 800 ጊዜ ያህል ያን ሁሉ ተሸካሚ ሞገድ መፍታት፣ በመንገድ የተበላሸውን ማረም፣ የታመቀውን ድምፅ መልሶ መዘርጋት ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ የሚችሉ ቺፖች በ1990ዎቹ አጋማሽ ውድ ነበሩ፤ ኤሌክትሪክም ይፈጁ ነበር። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ለመሥራት ያሰበ ፋብሪካ፣ ድንጋዩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደሚያልቅ ያውቃል። የድምፁም ጠባይ ሌላ ነው። ኤፍ ኤም ሲደክም ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ጆሮ ከሽሽታው መሀል የሰውን ቃል እየለቀመ ይከተላል። ዲጂታሉ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆይና የሞገዱ ጉልበት ከልኩ በታች ሲወርድ ድምፁ እንደሚንተከተክ ሽሮ ይሆናል፤ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ይህን ያገኙት ቤታቸው ውስጥ ነው። የሙከራው ዕቅድ በአብዛኛው መኪናን ያሰበ ስለነበር፣ በወፍራም ግድግዳ መሀል፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ የተቀመጠች ሬዲዮ የምትፈልገውን ጉልበት ማሠራጫዎቹ ገና አልሰጡም።

ወደ እንግሊዝ ልመለስ። በ1996 የወጣው የብሮድካስቲንግ ሕግ የግል ጣቢያዎችን የሚያባብል ነገር ነበረው፤ ወደ ዲጂታል የገባ ጣቢያ የነባሩ ስርጭቱ ፈቃድ ይታደስለታል። ያም ሆኖ ለአገር አቀፉ የግል ዲጂታል ፈቃድ ያመለከተው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር፤ ዲጂታል ዋን። እርሱም በኖቬምበር 1999 ሥራ ጀመረ። በዚያ ሰሞን አርካም የተባለው ኩባንያ ለቤት ያቀረበው መቀበያ 800 ፓውንድ ያህል ያስከፍል ነበር፤ ያውም ማጉያና ስፒከር ለብቻው የሚፈልግ የሙዚቃ አፍቃሪ ዕቃ ነው። በ2000 ሳይዮን የተባለው ኩባንያ ዌቭፋይንደር የሚባል መቀበያ በ299 ፓውንድ አወጣ፤ ያ ደግሞ ያለ ኮምፒውተር አይሠራም። ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ቁርስ እያሰናዱ ዜና ለሚሰሙት ሚሊዮኖች ከሁለቱ አንዱም የሚሆን አልነበረም።

ፋብሪካው አድማጭ ሳይኖር አላመርትም ይላል። ጣቢያው መቀበያ ሳይኖር ገንዘብ አላፈስም ይላል። ባለሱቁ ያልተጠየቀ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም። አድማጩ ደግሞ ያለችው ሬዲዮ ደኅና ናት፤ ለምን ይለውጣት? ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ሁሉም ትክክል ስለሆኑም ነገሩ ቆሞ ቀረ። አንድ ሰው ኪሳራውን ለመቀበል ቀድሞ መነሣት ነበረበት። በእንግሊዝ ያንን ያደረገው በዋናነት ቢቢሲ ነው፤ ይህን ማድረግ የቻለውም ገንዘቡ ከቤተሰቦች የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ስለሚመጣና የማስታወቂያ ገቢ ስለማይጠብቅ ነው። የሕዝብ ብሮድካስተር ምን ይሠራል ለሚለን ሰው ይህን መመለስ እንችላለን፤ ገበያው በማይደፍርበት ዘመን ቀድሞ ይቆማል።

በ2002 ሁለት ነገር ተገጣጠመ። ፑር በሚል የንግድ ስም ኢቮክ 1 የተባለች ሬዲዮ በ99 ፓውንድ ወጣች። የእንጨት ሣጥን፣ መያዣ፣ አንድ ስፒከር፤ ሌላ ብዙም ነገር የላትም። ጣቢያ የሚፈለግባት በቁጥር ሳይሆን በስሙ ነው፤ ስሙን መስኮቷ ላይ አይቶ መጫን ብቻ። ሠሪዋ ኢማጂኔሽን ቴክኖሎጂስ ዋና ሥራው የቺፕ ንድፍ ስለነበር፣ ሌሎች ያልቻሉትን ወጪ መቀነስ ችሏል። በዚያው ዓመት ቢቢሲ በዲጂታል ብቻ የሚሰሙ ጣቢያዎችን በተከታታይ ከፈተ፤ በፌብሩዋሪ ተጨማሪ የስፖርት ስርጭት፣ በማርች ሲክስ ሚዩዚክ፣ በኦገስት የጥቁር ሙዚቃን የሚያቀርበው ዋን ኤክስትራ፣ በዲሴምበር ድራማና የቆዩ ቀልዶችን የሚያሰማው ቢቢሲ ሰቨን። ሰዎች ሬዲዮዋን ፍለጋ ሱቆችን አጨናነቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለሕዝብ የተነገረው ማስታወቂያ የድምፅ ጥራት ነበር፤ እንደ ሲዲ የጠራ ድምፅ ታገኛላችሁ የሚል። ሕዝቡ በዚያ አልተነሣም። የተነሣው በሌላ ቦታ የማይሰማ ጨዋታ፣ ድራማና ሙዚቃ ሲቀርብለት ነው። የጥራቱ ተስፋም ቢሆን በሚገባ አልተጠበቀም። ብዙ ጣቢያ በአንድ መስመር ላይ ለማጨቅ ሲባል የየጣቢያው ድርሻ ተቀነሰ፤ አብዛኞቹ የሙዚቃ ጣቢያዎች በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ብቻ ተሰጣቸው፤ አንዳንዶቹ ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ ወረዱ። ጆሮ ያለው ሰው ጥሩ የኤፍ ኤም ስርጭት ይሻላል ቢል አልተሳሳተም። በእኔ እምነት ይህ ከባድ ስሕተት ነበር። የተገባን ቃል ያጠፈ ጣቢያ አድማጩ ሁለተኛ ጊዜ ዕቃ እንዲለውጥ ሲጠይቅ ጆሮ አያገኝም።

አድማጭ ለሚወደው ጣቢያ ምን ያህል እንደሚቆም በ2010 ታየ። ቢቢሲ ወጪ ለመቀነስ ሲክስ ሚዩዚክን ለመዝጋት ሐሳብ ሲያቀርብ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ ከዚያ በፊት ጣቢያውን የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ መስማት ጀመሩ። በጁላይ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ አካል የነበረው የቢቢሲ ትረስት የመዝጋቱን ሐሳብ ውድቅ አደረገ። በወጪ ምክንያት ሊዘጋ የነበረ ጣቢያ የአድማጩ ብዛት ጨምሮ ቀጠለ።

ታዲያ ለምን ወደ ዲጂታል የሚደረገው ሽግግር በዚያው አልተጠናቀቀም? ከቴሌቪዥን ጋር ማነጻጸሩ ይረዳል። እንግሊዝ የአናሎግ ቴሌቪዥንን ከ2007 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ዘግታ ጨረሰች። ለአሮጌው ቴሌቪዥን ከጎኑ አንዲት ርካሽ ሣጥን ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። ሬዲዮ ግን በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም። መኝታ ቤት ከሰዓቱ ጋር አንድ አለ፤ ወጥ ቤት አንድ፤ አባት የሚሠሩበት ጋራዥ አንድ፤ መኪናው ውስጥ አንድ። ለእያንዳንዳቸው ሣጥን መግጠም አይቻልም፤ ሁሉንም መቀየር ነው። ሬዲዮ ደግሞ ቶሎ አያረጅም፤ ሃያ ዓመት የሠራች ሬዲዮ ብርቅ አይደለችም። የእንግሊዝ መንግሥት በ2009 ባወጣው ሰነድ የ2015ን መጨረሻ ለሽግግሩ አለመ፤ ከማዳመጡ ግማሹ ዲጂታል እስኪሆንም እጠብቃለሁ አለ። ግማሹ የሞላው በ2018 መጀመሪያ ነው። ያኔ ከዲጂታሉ ማዳመጥ ብዙው በዳብ ሬዲዮ ነበር። በ2021 የወጣው የመንግሥት ግምገማ ኤፍ ኤም ቢያንስ እስከ 2030 ያስፈልጋል ብሎ ደመደመ።

ኖርዌይ ሌላውን መንገድ መረጠች። በተራራና በባሕር ሰርጦች የተሸነሸነች አገር በመሆኗ የኤፍ ኤም ማሠራጫዎችን መንከባከብ ወጪው ከባድ ነበር፤ ያን ሁሉ ወጪ አውጥታም በአገር አቀፍ ደረጃ ማሰማት የምትችለው አምስት ጣቢያ ብቻ ነበር። በዲጂታሉ ከሃያ በላይ ሆኑ። ጃንዋሪ 11 ቀን 2017 ከኑርላንድ ክፍለ ሀገር ጀምራ አገር አቀፍ የኤፍ ኤም ስርጭቶችን እየዘጋች ሄደች፤ በዲሴምበር ሰሜኑ ጫፍ ላይ ጨረሰች። ትንንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች በኤፍ ኤም ቀሩ። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አብዛኛው ሰው መዝጋቱን እንደማይደግፍ ሲያሳዩ፣ ዋናው ቅሬታ የመኪናው ሬዲዮ ነበር። ከመዘጋቱ በኋላ የአድማጩ ቁጥር መቀነሱ አልቀረም። የኖርዌይን ድፍረት አልነቅፍም፤ ሀብታም አገር ናት፤ ምክንያቷም ከመልክዓ ምድሯ የመነጨ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ በአዲስ መኪና ውስጥ የሚገጠም ሬዲዮ ዲጂታል ስርጭትን መቀበል አለበት አለ። ይህ ደንብ ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ እንደሠራ አምናለሁ፤ ገዢውን ሳይጠይቅ መቀበያውን እጁ ላይ አድርሶለታልና።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን የወርልድስፔስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካውም እሱ ነው። በኢትዮጵያ የተወለዱት አቶ ኖህ ሳማራ በአሜሪካ ሕግ ተምረው በሳተላይት መገናኛ መስክ የሠሩ ሰው ናቸው። በ1990 ዋሽንግተን ላይ ኩባንያውን ሲያቋቁሙ የቀሰቀሳቸው ነገር ኤድስ ነበር፤ አፍሪካ ውስጥ ሰው የሚያልቀው መረጃ ስለማይደርሰው ጭምር መሆኑ። ሐሳባቸው ከሳተላይት በቀጥታ፣ ያለ ምንም የምድር ማሠራጫ፣ ለትንሽ የእጅ ሬዲዮ ዲጂታል ድምፅ ማድረስ ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 1998 አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት በአሪያን ሮኬት ከፈረንሳይ ጊያና ተተኮሰች። በቀጣዩ ዓመት መላውን አፍሪካና መካከለኛውን ምሥራቅ የሚሸፍን ስርጭት ተጀመረ። በ2000 ለእስያ የምትሆን ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለች። እንግሊዝ ለወጥ ቤት የሚሆን ዲጂታል ሬዲዮ ገና ባላገኘችበት ሰዓት፣ ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ለአፍሪካ አድማጭ ዲጂታል መቀበያ እያመረቱ ነበር።

ሰማዩ ላይ ያለው ሁሉ የተሳካ ነበር። ምድር ላይ ያለው ዕቃ ግን ከ200 ዶላር በላይ ወጣ። ገበሬውና የጤና ረዳቱ፣ ሥራው ስለ እነሱ ተጀምሮ ሳለ፣ ያን ገንዘብ ከየት ያመጡታል? የሳተላይቱ ሞገድም ጣሪያና ግድግዳ ዘልቆ አይገባም፤ ትንሿን አንቴና ሰማይ በሚታይበት መስኮት ወይም ደጅ ላይ አነጣጥሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሬዲዮን ይዞ ከጓሮ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በረንዳ መዘዋወር የለመደ ሰው ይህ ይከብደዋል። ገቢ ስላልመጣ ኩባንያው ወርሃዊ ክፍያ ወደማስከፈል ዞረ፤ ዐይኑንም ወደ ህንድ ከተሞች አዞረ። ኦክቶበር 2008 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የህንዱ አገልግሎትም በ2009 መጨረሻ ተቋረጠ። ሳተላይቶቹ ቦታቸው ላይ እያሉ ሬዲዮዎቹ ዲዳ ሆኑ።

ወርልድስፔስ በጅምሩ ገንዘብ ያፈሰሰበት የአሜሪካው ኤክስ ኤም በ2001 ስርጭት ጀምሮ ከስምና ከባለቤትነት ለውጥ ጋር እስከ ዛሬ ዘልቋል። ሁለቱም ያሠራጩ የነበረው ከሳተላይት ነው። በአሜሪካ ግን ጀነራል ሞተርስ ባለድርሻ ሆኖ መቀበያውን ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ይገጥም ነበር፤ የመቀበያው ዋጋ በመኪናው ዋጋ ውስጥ ይዋጣል። አቶ ኖህ የተሸነፉት በሐሳባቸው ትንሽነት አልነበረም። የአፍሪካን አድማጭ መቀበያ ማን ይክፈለው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠ መንግሥትም፣ ባንክም፣ ለጋሽም በበቂ መጠን አልተገኘም።

በአጭር ሞገድ ዜና ለመስማት የለፋ ትውልድ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ በብዙ ቤቶች የተሰሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ማታ ማታ፣ ከፍ ዝቅ ከሚለው ሞገድ ጋር እየታገሉ። ዲ አር ኤም የተባለው ዲጂታል ሥርዓት ይህንኑ አጭርና መካከለኛ ሞገድ አጥርቶ ለማሰማት የተሠራ ነው፤ በጁን 2003 ጄኔቫ ላይ በይፋ ተጀመረ። የማሠራጫን የኤሌክትሪክ ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ርቀቱም ሰፊ ነው። ህንድ በመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎቿ ላይ በሰፊው ተክላዋለች፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችም መቀበያው አላቸው። በቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ርካሽ የዲ አር ኤም ሬዲዮ ግን ዛሬም ብርቅ ነው። ለገጠራችን ከማንኛውም በላይ የሚስማማው ሥርዓት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህም መዘግየቱ ያንገበግበኛል። እስከዚያው ግን ዛሬ የብዙ ሰው ሬዲዮ ሞባይሉ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ አንቴና አድርጎ ኤፍ ኤም ያለ ምንም ክፍያ ያሰማል። ያንኑ ጣቢያ በኢንተርኔት ለመስማት ግን ለዳታ መክፈል ግድ ነው።

ስለዚህ ነገ ስለ ዲጂታል ሬዲዮ ዕቅድ ሲነገራችሁ፣ ስለ ማማው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ መቀበያው ጠይቁ። ዋጋው ስንት ነው? በባትሪ ድንጋይ ስንት ሰዓት ይሠራል? አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ስንት ዓመት ይቆያሉ? በሌላ ቦታ የማይሰማ ምን ያሰማናል?

በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ከለንደን የሚመጣ የዳብ ሬዲዮ አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው ዲጂታል ስርጭት የለም፤ የሚጠቅማችሁ ኤፍ ኤም ካለው ብቻ ነው። አውሮፓ ውስጥ እንኳ ከአገር ወደ አገር መውሰድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2007 የድምፅ አሠራሩን ያሻሻለው ዳብ ፕላስ ሲወጣ፣ ቀደም ብለው የተሸጡት ሬዲዮዎች እሱን ማንበብ አልቻሉም። አሜሪካ በ1945 ኤፍ ኤምን ወደ አዲስ ድግግሞሽ ስታዛውር የቀድሞዎቹን ገዢዎች የገጠማቸው ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ የቆየ የእንግሊዝ ዳብ ሬዲዮ ኖርዌይ ላለ ወንድም ብትልኩለት የአገሩን ዲጂታል ጣቢያዎች አይሰማበትም፤ ካርቶኑ ላይ ፕላስ የሚል ምልክት መኖሩን አይታችሁ ግዙ። አጭር ሞገድ የሚያዳምጡ አባትና እናት ያላችሁም ያው ካርቶን ላይ አጭር ሞገድ እንዳለው ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ፤ አብዛኞቹ ዲጂታል ሬዲዮዎች የላቸውም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።